ከኮሎምበስ ወደ ዚንያ በብስክሌት፦ መንገዱን እንዴት እናቅድ?

በክረምቱ ዕረፍት በብስክሌት ከከተማ እንውጣ የምትሉ በዝታችኋል። ስለዚህ በለንደን አልፎ (የኦሃዮዋን ማለቴ ነው፣ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ) ወደ ዚንያ የሚወስደውን መንገድ ምሳሌ አድርገን ዕቅድ እናውጣ።

ከለንደን እስከ ዚንያ ዩ ኤስ 42 የሚባል አውራ ጎዳና አለ። እሱን ለመኪና ተዉለት። የእኛ መንገድ ሲንሲናቲን ከክሊቭላንድ የሚያገናኘው ኦሃዮ ቱ ኢሪ ትሬይል ነው፤ ርዝመቱ ከ300 ማይል በላይ ሲሆን አብዛኛው ክፍል መኪና አይገባበትም። ከኮሎምበስ በስተምዕራብ ካምፕ ቼዝ ትሬይልን ይዛችሁ ለንደን ትደርሳላችሁ። ከዚያ እስከ ዚንያ ያለው 29 ማይል ፕሬሪ ግራስ ትሬይል ይባላል። ድሮ የባቡር ሐዲድ ስለነበረ ሜዳ ነው፤ ባቡር ዳገት አይወድም።

መኪና ከሌለ ግን ረዳትም በቅርብ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ማይል እንችላለን?» ሳይሆን «መሀል ላይ ቢያቅተን በምን እንመለሳለን?» የሚለው ነው። ኮሎምበስ ከ1979 ጀምሮ የመንገደኛ ባቡር የላትም። የኮታ አውቶቡሶች ፊታቸው ላይ የብስክሌት መስቀያ ቢኖራቸውም ዚንያ ድረስ አይሄዱም። ስለዚህ መኪና ያለው አንድ ጓደኛ ስልኩን ከፍቶ ይጠብቃችሁ። ሳውዝ ቻርልስተንና ሴዳርቪል መሀል ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ውኃ የምትሞሉትም፣ ከደከማችሁ የምትወሰዱትም እዚያ ነው። በመካከላቸው በቆሎና አኩሪ አተር እንጂ ብዙ ጥላ አትጠብቁ።

ነፋሱም ይቆጠራል። እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ዚንያ ስትሄዱ ፊታችሁን ይመታል፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ለጀማሪ የምመክረው በመኪና ዚንያ ድረስ ተወስዶ ወደ ኮሎምበስ መንዳት ነው።

አሁን ወደ ነርሲንጉ ልምጣ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ቁሙ፤ ጥላ ፈልጉ፣ ልብስ አርጥቡ፣ ውኃ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ጓደኛችሁ ግራ ከተጋባ ወይም ንግግሩ ከተወላገደ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ወዲያው 911 ደውሉ፤ እስኪደርሱ ሰውነቱን በውኃ አቀዝቅዙ፤ ራሱን በደንብ ካላወቀ ምንም አታጠጡት። ትሬይል ላይ የቤት ቁጥር ስለሌለ የትሬይሉን ስምና መጨረሻ ያቋረጣችሁትን መንገድ ስም ንገሯቸው። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ማቋረጫ ላይ የመንገዱን ስም አንብቡ። ደግሞም እዚያ ቁሙ፤ የእርሻ መንገድ ላይ መኪና በፍጥነት ይመጣል።

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 በሙቀቱ ወቅት ይውላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ በእነዚያ ቀናት ረጅም ጉዞ አታቅዱ፤ ረመዳን የምትጾሙም ቀን ላይ እንዲሁ። በሌላ ጊዜ በሶና ቆሎ ያዙ፤ ሱቅ ከሚሸጠው የስፖርት ምግብ ርካሽ ነው፣ አይቀልጥም፣ የጾም ቀንም ይበላል። በሶውን ስትበጠብጡ ጨው ጣል አድርጉበት። መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያም አትርሱ፤ የብስክሌት ሱቅ በየመንደሩ የለም።