የትኛው መስመር ይሻላል? የተንቀሳቃሽ ስልክ ሽፋን፣ የዳታ ገደብና የአጠቃቀም ሁኔታ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

መግቢያ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜ ከአዳማ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሶደሬ ይወርዳል እንበል። እስከ እኩለ ሌሊት መላክ ያለበት የቤት ሥራ በስልኩ ውስጥ ተዘጋጅቷል፤ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅልም ገና አላለቀም። ነገር ግን ገጹ አልከፈት ይለዋል። ጓደኛው ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ሲም ካርድ ስላለው ያለችግር ይልካል። ተማሪው ወደ አዳማ ሲመለስ «የጓደኛዬ መስመር ይሻላል» ብሎ ሲም ካርዱን ይለውጣል። ከሳምንት በኋላ ግን በገዛ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ አዲሱ መስመር ከቀድሞው የባሰ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህ ተማሪ የተሳሳተው በምንድን ነው? አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ ያየውን ለሁሉም ቦታና ሰዓት አውሎታል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የስልክ መስመሮችን በሳይንሳዊ መንገድ እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል እንመለከታለን። ዓላማችን አንዱን ኩባንያ አወድሶ ሌላውን መንቀፍ አይደለም። ከወር ቀለቡ ቀንሶ የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛ ተማሪ ለገንዘቡ ተገቢውን አገልግሎት እንዲያገኝ የመለኪያውን ዘዴ ማስጨበጥ ነው።

1. ምርጫው እንዴት መጣ?

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ በመሆኑ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ድርጅቱም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በሚል ስያሜ ተዋቀረ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የ4ጂ አገልግሎት ጀመረ።

ሁኔታው የተለወጠው ዘርፉ ለውድድር ሲከፈት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ተሰጠ። ኩባንያው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የሙከራ አገልግሎት ጀምሮ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ አስጀመረ። አዳማም ቀድመው አገልግሎቱን ካገኙ ከተሞች አንዷ ናት። ዛሬ በ09 የሚጀምር ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምር ደግሞ የሳፋሪኮም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ምርጫ ሲኖር ደግሞ ማነጻጸር ግድ ይላል።

2. ለመሆኑ ሽፋን ምንድን ነው?

ስልካችን ከቅርብ ማሰራጫ ጣቢያ ጋር የሚነጋገረው በራዲዮ ሞገድ ነው። የሞገዱን ርዝመት ለማወቅ የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ማካፈል በቂ ነው። በዚህ ስሌት የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የ1,800 ሜጋኸርዝ ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ረጅሙ ሞገድ በኮረብታ ጫፍና በሕንፃ ጥግ ዙሪያ የመታጠፍ ችሎታው የተሻለ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ተመሳሳይ ብቃት ባላቸው አንቴናዎች በገላጣ ቦታ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህም በመሐንዲሶች አነጋገር 6 ዴሲቤል ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ለርቀት፣ ከፍተኛው ደግሞ ሕዝብ በተጨናነቀበት ከተማ ብዙ መረጃ ለማስተላለፍ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የቆሙባቸውን ከፍታዎች ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ቁመቱ 40 ሜትር የሆነ ማማ በሜዳ ላይ ቢቆም፣ በእጃችን የያዝነውን ስልክ «ሊያይ» የሚችለው እስከ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የማማውንና የስልኩን ከፍታ በሜትር ወስደን፣ የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምረን በ4.12 ማባዛት ነው። ያው ማማ 100 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ ቢተከል ርቀቱ ወደ 54 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ሆኖም ከኮረብታው ጀርባ ያለው ሰፈር በጥላ ውስጥ ይቀራል። በተጨማሪም በተለመደው የ2ጂ ሥርዓት የሞገዱ የጉዞ ጊዜ ስለሚገደብ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ስልክ ምልክቱን ቢያገኝም እንኳ መነጋገር አይችልም።

በዚህ ምክንያት ከሞጆ በመቂ አድርጎ ወደ ባቱ የሚወርደው ሜዳ ለራዲዮ ሞገድ አመቺ ሲሆን፣ አዋሽ ወንዝ ቆፍሮ ባለፈባቸው ዝቅተኛ ቦታዎችና በተራራ ሥር ባሉ መንደሮች ግን አንዱ ኩባንያ ማማውን የተከለበት አቅጣጫ ብቻ ዕድልን ይወስናል። በባቱ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ከማዶ ያለውን ሩቅ ጣቢያ ሊያገኝ የሚችለውም በመካከል የሚከልል ነገር ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው ቤታችን ነው። ቆርቆሮ ብረት በመሆኑ የራዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ሞገድ የሚገባው በአብዛኛው በመስኮትና በበር በኩል ነው። ደጅ ላይ ጥሩ የነበረ መስመር አልጋ ላይ ሲሆኑ የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መቋረጥም መዘንጋት የለበትም፤ ማሰራጫ ጣቢያው መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ስለሚሠራ፣ መጠባበቂያው ሲያልቅ ሽፋኑም ያበቃል።

3. ሽፋንና አቅም አንድ አይደሉም

«ስልኬ ሙሉ ኔትወርክ ያሳያል፤ ኢንተርኔቱ ግን አይሠራም» የሚለው ምሬት የተለመደ ነው። በዚህ ውስጥ ተቃርኖ የለም። በስልኩ ላይ የሚታዩት አሞሌዎች የምልክቱን ጥንካሬ እንጂ ጣቢያው ስንት ሰው እያስተናገደ መሆኑን አይናገሩም።

አንድ የ4ጂ አንቴና የሚሸፍነው ክልል በአንድ ጊዜ በድምሩ 30 ሜጋቢት በሴኮንድ ያስተላልፋል ብለን እናስብ። አንድ ተጠቃሚ ብቻውን ከሆነ ሁሉም የእሱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በማደሪያ ሕንፃዎች ያሉ 60 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍቱ ግን ለእያንዳንዱ ግማሽ ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል። አየሩ የጋራ ሀብት ነው። ኩባንያዎች የዳታ ገደብ የሚያበጁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የጋራ ሀብት በጥቂቶች እንዳይሟጠጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ንግድ መሆኑ ግልጽ ነው።

4. የጥቅል ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ብዙዎቻችን ጥቅል ስንገዛ ዋጋውን ለሜጋባይቱ አካፍለን የረከሰውን እንመርጣለን። ይህ ግን ግማሽ ስሌት ነው። ትክክለኛው ዋጋ የከፈልነው ብር ጊዜው ሳያልፍ በተጠቀምንበት መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው።

የሚከተለው ምሳሌ ለስሌት እንዲመች የተዘጋጀ እንጂ የየትኛውም ኩባንያ ታሪፍ አይደለም። ጥቅል «ሀ» 1,000 ሜጋባይት ለ7 ቀን በ50 ብር፣ ጥቅል «ለ» 200 ሜጋባይት ለ24 ሰዓት በ8 ብር ይሸጣሉ እንበል። በወረቀት ላይ «ሀ» በሜጋባይት 5 ሳንቲም፣ «ለ» ደግሞ 4 ሳንቲም ስለሚሆን «ለ» የረከሰ ይመስላል።

በየቀኑ 120 ሜጋባይት የሚጠቀም ተማሪ በሳምንት 840 ሜጋባይት ይፈጃል። በ«ሀ» 50 ብር ይከፍላል፤ በሜጋባይት 6 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። በ«ለ» ግን በየቀኑ ስለሚገዛ 56 ብር ያወጣል፤ በየዕለቱም 80 ሜጋባይት ይቃጠልበታል። ለዚህ ተማሪ «ሀ» ይሻለዋል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ በቀን 200 ሜጋባይት የሚጠቀም ሌላ ተማሪ ግን በ«ለ» 16 ብር ብቻ ከፍሎ ይገላገላል። እንግዲህ የረከሰው ጥቅል የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የኩባንያው ማስታወቂያ ሳይሆን የራሳችን ልማድ ነው።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃልም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከተወሰነ መጠን በኋላ መስመሩ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ የፍትሐዊ አጠቃቀም ደንብ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቢትና ባይትን አንቀላቅል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 5 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ጽሑፍ 40 ሜጋቢት ማለት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር በ5 ሴኮንድ ይወርዳል። ፍጥነቱ ወደ 512 ኪሎቢት ሲወርድ 78 ሴኮንድ፣ ወደ 128 ኪሎቢት ሲወርድ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጽሑፍ ለማንበብ ይህ ያስችላል፤ የቪዲዮ ትምህርት ለመከታተል ግን አያስችልም።

5. ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀ. ጥቅሉ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይቆማል ወይስ ከዋናው ሒሳብ በመደበኛ ታሪፍ መቁረጡን ይቀጥላል?

ለ. ጥቅሉ በማንኛውም ሰዓት ይሠራል ወይስ በሌሊት ብቻ? ለሁሉም ድረ ገጽ ያገለግላል ወይስ ለተወሰኑ ማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ?

ሐ. የድምፅ ደቂቃው ወደ ሌላው ኩባንያ ቁጥር ለመደወልም ያገለግላል? ቤተሰባቸው በ09፣ ጓደኞቻቸው በ07 ለሆኑ ተማሪዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

መ. ስልኩን እንደ ዋይፋይ ከፍቶ ለኮምፒዩተር ማጋራት ይፈቀዳል?

ሠ. ጥቅሉ በራሱ ይታደሳል? ከሆነስ እንዴት ይሰረዛል?

ረ. ስልኩ ራሱ ብቁ ነው? ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ስልክ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ወይም አገራችን የምትጠቀምበትን ድግግሞሽ የማይቀበል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም።

6. በራስዎ ይለኩ

ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ አንድ ስልክ ካለ የሚከተለውን ሙከራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማካሄድ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ቦታዎችን ይምረጡ፤ የሚተኙበትን ክፍል፣ የሚማሩበትን አዳራሽ፣ ዘወትር የሚሄዱበትን መንገድ፣ የወላጆችዎን ቤት። ፍራንኮ ለሚኖር ተማሪ የሻሸመኔ ሽፋን ምንም አይጠቅመውም።

ቀጥሎ፣ አሞሌዎችን ሳይሆን ቁጥሩን ያንብቡ። አሞሌ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ለማነጻጸር አያገለግልም። በብዙ ስልኮች «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል ውስጥ የሲም ካርዱ ሁኔታ ሲከፈት የምልክቱ ጥንካሬ በአሉታዊ ቁጥር በዲ.ቢ.ኤም. ይታያል። በ4ጂ ከ‑90 የተሻለ ጥሩ፣ ‑100 አካባቢ መካከለኛ፣ ከ‑110 የባሰ ደካማ ነው። በ‑80 እና በ‑110 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑን አይዘንጉ። የ4ጂን ቁጥር ከ2ጂ ወይም ከ3ጂ ቁጥር ጋር ግን አያነጻጽሩ፤ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

ከዚያም በጧት፣ በቀትርና በምሽት፣ በሁለቱም መስመሮች በመጠን እኩል የሆነ 5 ሜጋባይት ያህል ፋይል አውርደው ሴኮንዱን ይመዝግቡ። የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራሞች ራሳቸው ብዙ ዳታ ስለሚበሉ ይህ ዘዴ ይቆጥባል። በሳምንቱ አጋማሽ ላይ የሲም ካርዶቹን ቦታ ማቀያየርም የስልኩን አድልዎ ያስወግዳል። መብራት በጠፋበት ሰዓት የተገኘውን ውጤት ለብቻው ይያዙ።

በመጨረሻ፣ ውጤቱን በአማካይ ብቻ አይፍረዱ። አምስት ሙከራዎች 6፣ 7፣ 8፣ 9 እና 90 ሴኮንድ ቢወስዱ አማካዩ 24 ነው፤ ነገር ግን ከሙከራዎቹ አንዱም 24 ሴኮንድ አልፈጀም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ ያለው 8 የዘወትሩን ሁኔታ ይናገራል። 90ው ደግሞ መጥፎው ቀን ምን ያህል መጥፎ እንደሆነ ያሳያል፤ የቤት ሥራው የሚላክበት ሌሊት በዚያ ቀን ሊውል ይችላልና።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ለአዳማ፣ ለወንጂ፣ ለመቂና ለባቱ ነዋሪ እኩል የሚሠራ አንድ መልስ የለም። ሽፋንን የሚወስኑት ድግግሞሽ፣ ማማና መልክዓ ምድር ናቸው፤ ፍጥነትን የሚወስነው አየሩን የምንጋራቸው ሰዎች ብዛት ነው፤ ዋጋን የሚወስነው ደግሞ የራሳችን አጠቃቀም ነው። ማማዎች በየጊዜው ስለሚጨመሩ የአምናው ልኬት ለዘንድሮ ላያገለግል ይችላል።

በመግቢያው ላይ ያነሣነው ተማሪ ሲም ካርዱን ከመለወጡ በፊት በማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቢለካ ኖሮ ምናልባት ሁለቱንም ይይዝ ነበር፤ አንዱን ለማደሪያው፣ ሌላውን ለመንገድ። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በየሰፈራችሁ የለካችሁትን ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር አመሳክራችሁ በአንድ ካርታ ላይ ብታሰፍሩት፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እውነተኛ የሆነ የከተማችሁን የሽፋን ካርታ በእጃችሁ ታዘጋጃላችሁ።