ስለ ተሰጠን ኃይልና ስለ ታመሙ ሕፃናት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ጕልበትና ዝና ለሰው የሚሰጡት ለጊዜው ነው። የሰውም ልብ ይልቁን የሚታወቀው እነዚህ በተወሰዱበት ቀን ነው። ይህንንም ከአንዲት አሜሪካዊት ሴት ታሪክ እንማር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንድርያ ዬገር በ1965 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ተወለደች። በ14 ዓመቷ የቴኒስን ጨዋታ ሙያዋ አደረገች። በ1981 ዓ.ም. ገና 16 ዓመት ሲሆናት ከዓለም ሴቶች ተጫዋቾች ሁለተኛ ተባለች፤ በዚያውም ዓመት በፓሪስ በወንድና በሴት ጥንድ ውድድር ከጂሚ አርያስ ጋራ አሸነፈች። በ1983 ዓ.ም. በዊምብልደን እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰች። በማግሥቱ ዓመት ግን ትከሻዋ ክፉኛ ተጐዳ፤ 20 ዓመት ሳይሞላትም የጨዋታዋ ዘመን ወደ ማለቁ ቀረበ።

እንዲህ ያለ ነገር ብዙውን ሰው ወደ ምሬት ይጥለዋል። እርሷ ግን በጨዋታ ያገኘችውን ገንዘብ አውጥታ በ1990 ዓ.ም. በኮሎራዶ በአስፐን ከተማ ካንሰርና ሌላ ጽኑ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት የሚረዳ ማኅበር አቆመች። ከሕመምተኛ አልጋ የመጡት ልጆች በዚያ ተራራማ አገር ፈረስ ጋለቡ፤ መድኃኒቱ ጠጕራቸውን ያረገፈባቸውም በመሰሎቻቸው መካከል ሳያፍሩ ተጫወቱ። በ2006 ዓ.ም. ወደ ምንኵስና ገባች፤ ነገር ግን ልብ በል፤ ሥራው የተጀመረው ከዚያ 16 ዓመት አስቀድሞ ነው። ርኅራኄ ማዕርግንና ልብስን አይጠብቅም።

አንተም ገንዘብ የለኝም ብለህ አትቅር። የታመመ ልጅ ልትጠይቅ ስትሄድ ይህን ጠብቅ፦

1ኛ፤ ጕንፋን ወይም ሳል ቢኖርብህ በዚያ ቀን አትሂድ፤ የካንሰር መድኃኒት የልጁ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክማልና። ስትገባም እጅህን ታጠብ።

2ኛ፤ የሚበላ ነገር ከመስጠትህ በፊት ወላጆቹን ወይም አስታማሚዋን ጠይቅ።

3ኛ፤ በፊቱ ከንፈር አትምጠጥ። ስለ ሕመሙ ብቻ አታውራ፤ ስለ ትምህርቱና ስለ ጓደኞቹ ጠይቀው፤ እርሱ ከበሽተኛነቱ በፊት ልጅ ነውና።

4ኛ፤ ጤነኛ የሆኑትን ወንድሞቹንና እኅቶቹን አትርሳ፤ እነርሱም በዝምታ ይፈራሉ።

5ኛ፤ እመለሳለሁ ካልህ ተመለስ። በአልጋ ላይ ላለ ልጅ ቀኑ ረጅም ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ሲቀርበትም ኀዘኑ ይበረታል።

ጌታችን በፍርድ ቀን ከምንጠየቅባቸው ነገሮች አንዱ በሽተኛን መጠየቅ እንደ ሆነ አስተምሯል። ዛሬ ክንድህ ብርቱ፥ እግርህም ፈጣን ነው፤ ነገ እንዲህ ስለ መሆኑ ዋስ የለህም። እንግዲህ በሰፈርህ የታመመ ልጅ ማን እንደ ሆነ ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ተነሥተህም ሂድ።