ያልጠበቁት ብሎን አይጠብቅም

ልጄ፣ ባጃጅ መግዛትህን ሰማሁ፤ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ዘይት ቀይር፣ ጎማ ንፋ የሚልህ ሞልቷል። እኔ የምነግርህ ስለ ጭስ ማውጫው፣ ስለ ማርሚታው ብሎን ብቻ ነው። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ሾኔም ሆነ ሺንሺቾ፣ ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚውል ባጃጅ ቀስ በቀስ የሚላላበት እሱ ነው።

1. ለምን እንደሚላላ እወቅ። ሞተር ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። አልሙኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ከአልሙኒየም የተሠራው የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) እና የብረት ብሎኑ እኩል አይሄዱም። መሀል ያለው ጋስኬትም ውሎ ሲያድር ይሳሳል። መንገዱ ደግሞ ማርሚታውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዘውዘዋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚፈታው የጎን ውዝዋዜ ነው።

2. ጠዋት ጠዋት አድምጥ። ሞተሩ እንደበረደ ስታስነሳው «ጠክ ጠክ» ካለህ፣ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይም ጥላሸት ካየህ፣ ጭስ እያመለጠ ነው። ሲሞቅ ድምፁ ቢጠፋ አትታለል፤ ብረቱ ተለጥጦ ቀዳዳውን ለጊዜው ስለደፈነው ነው።

3. ቀድመህ ከኋላ ያለውን ማሰሪያ እይ። እሱ ከላላ የማርሚታው ክብደት ሁሉ በፊተኞቹ ብሎኖች ላይ ይወድቃል። አሥር ጊዜ ብታጠብቃቸው አሥር ጊዜ ይላላሉ።

4. ሲበርድ እሰር። ሁሉንም ዳዶ መጀመሪያ በእጅህ አስገባ። ከዚያ የፊቶቹን አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን እያልክ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ጨርሰህ ብታስር መጋጠሚያው ይዛባል። የኋላው ማሰሪያ መጨረሻ ይታሰራል።

5. ጉልበትህን ለካ። 10 ቁልፍ የሚገባበት ባለ 6 ሚሊ ብሎን የሚፈልገው፣ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ስኳር የማንጠልጠል ያህል ኃይል ነው። እኔ በአንተ ዕድሜ ቁልፉን በቱቦ እያስረዘምኩ ነበር የማስረው። አንድ የያሆዴ በዓል ዋዜማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መናኸሪያውን ሞልቶ ባለባጃጁ ቶሎ በል ሲለኝ፣ ቱቦዬን ሰክቼ ገፋሁ። ብሎኑ መጀመሪያ ለስለስ አለኝ፤ ቀጥሎ «ቀጭ» ብሎ ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ቀረ። የቴስታታውን ጥርስ ሳላበላሽ ስባሪውን በስቼ ሳወጣ አመሸሁ፤ ቤት የጠበቀኝ የበዓሉ ምግብ፣ አተካናም ቀዘቀዘ። ብሎን ሲጠብቅ ይከብዳል፤ በድንገት ከለሰለሰ አቁም፣ ሊበጠስ ነው።

6. ፕላስቲክ ያለውን ዳዶ እዚህ ቦታ አታስገባ፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። እዚህ የሚሠራው ሙሉ ብረት የሆነው መቆለፊያ ዳዶ ነው። በስፕሪንግ ሮንዴላም ብዙ አትመካ፤ በጎን ውዝዋዜ እምብዛም አያስጥልም። የተበላ ጋስኬት መልሰህ አትግጠም።

7. ከኋላህ ያሉትን አስብ። ሞተሩ ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ ነው። ክረምት ላይ የላስቲክ መጋረጃው ሲወርድ የሚያመልጠው ጭስ መውጫ ያጣል። ውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ሲበዛም ይገድላል። ተሳፋሪ ራሴን አመመኝ ካለ ከመንገዱ በፊት ማርሚታህን ጠርጥር። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አስነስተህ አትተው።

8. ተመለስና እይ። አዲስ ያሰርከውን ብሎን አንድ ቀን ሠርተህበት ሲበርድ እንደገና ቁልፍ አስነካው፤ ጥቂት ይዞራል። ከዚያ በኋላ ባጃጁን ባጠብክ ቁጥር ሞክረው። በውጭ አገር ትንንሽ የሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላሉ፤ ማርሚታቸውን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ከላሉ አየር ላይ ተፈትቶ ይወድቃል። እነሱም ሞተሩን ካሠሩት በኋላ እንደገና ያጠብቃሉ።

ቅዳሜ ና፤ የ10 ቁልፌን ለአንተ አስቀምጬልሃለሁ። ቱቦውን ግን አትጠይቀኝ፤ ያኔውኑ ለጎረቤት ለአጥር ችካልነት ሰጥቼዋለሁ።