እየታረሙ መሻሻል፤ የአንድ ድራይቨር ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት



«የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ምን አግብቶት ስለ ኮምፒዩተር ሽቦ ይጽፋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ኮምፒዩተርን የሚያሠራው ሶፍትዌር እንደ ማንኛውም ድርሰት ሰው የጻፈው፣ ሰው የሚያነበውና ሰው የሚያርመው ጽሑፍ ነው። ዕትም አለው፤ ከዕትም ወደ ዕትም የተለወጠ ቃል አለው፤ አራሚ አለው፤ በኅዳጉም ማስታወሻ ይጻፍበታል። እኛ በአርትስ ፋኩልቲ ያለን ተማሪዎች የአንድን መጽሐፍ ልዩ ልዩ ቅጂዎች ማነጻጸር እንማራለን። ይህንንም ጽሑፍ በዚያው ዐይን ብንመረምረው የምንጠቀመው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ የመረጥሁት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ የሚገኘውን የሲሪያል ፖርት ድራይቨር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ሲሪያል ፖርትና ድራይቨር

ሲሪያል ፖርት ኮምፒዩተር ከሌላ መሣሪያ ጋር በጥቂት ሽቦ የሚነጋገርበት በር ነው። ፊደሎቹ በጠባብ በር እንደሚያልፉ ሰዎች ተሰልፈው አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ አንዱም ፊደል ራሱ ወደ ቢት ተከፋፍሎ ቢቶቹ ተራ በተራ ይሄዳሉ። ዘዴው ያረጀ ነው፤ ነገር ግን አልሞተም። በተራው ላፕቶፕ ጎን ዛሬ ባይታይም፣ የኔትዎርክ መሣሪያ የሚያስተካክል ቴክኒሺያን፣ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሠራ የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ የላቦራቶሪ መለኪያ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ሰው እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል።

በዚህ በር ላይ ፊደል የሚቀበልና የሚያስረክብ አንድ ቺፕ አለ። ድራይቨር የሚባለው ቺፑን የሚያዝዘው ሶፍትዌር ነው። ቃሉ በከተማችን አነጋገር ሹፌር ማለት ነው፤ እዚህ ግን የሚነዳው መኪና ሳይሆን ቺፕ ነው። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ፊደል ሲመጣ አንሥቶ ለሚፈልገው ፕሮግራም መስጠት፣ የሚላክ ሲኖርም ለቺፑ ማቀበል ነው። ችግሩ ያለው ከጊዜው ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ 8 ቢት ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያመለክቱ 2 ቢቶች ሲጨመሩ 10 ይሆናል። መስመሩ በሰከንድ 115,200 ቢት የሚያሳልፍ ከሆነ በሰከንድ 11,520 ፊደል ይደርሳል። ሰከንድን ለአንድ ሚሊዮን ብንከፍለው ከዚያ ውስጥ 87 ያህሉ ባለፈ ቍጥር አንድ ፊደል በሩን ያንኳኳል ማለት ነው። ፊደል ሲደርስ ቺፑ ለኮምፒዩተሩ ደወል ይደውላል፤ ይህን ደወል ባለሙያዎቹ ኢንተራፕት ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ግን ሌላም ሥራ አለበት። ቺፑ በእጁ አንድ ደብዳቤ ብቻ መያዝ የሚችል ዘበኛ ነው እንበል። ባለቤቱ መጥቶ ሳይቀበለው ሁለተኛው ደብዳቤ ከደረሰ የመጀመሪያው ይጠፋል። የጠፋውም ፊደል ተመልሶ አይገኝም።

2ኛ. ስሕተት መሠረት ሲሆን

በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር የተጠቀመበት ቺፕ 8250 ይባላል። ይህ ቺፕ ከላይ እንደ ተናገርሁት ዘበኛ አንድ ፊደል ብቻ የሚይዝ ከመሆኑም በላይ፣ በአሠራሩ ላይ ልዩ ልዩ ጉድለት ነበረበት። የኮምፒዩተሩን መነሻ ሶፍትዌር የጻፉት ሰዎች ጉድለቱን ስላወቁ ሶፍትዌራቸውን ከጉድለቱ ጋር አስማምተው ጻፉት። በዚህ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ተከተለ። የቺፑ ሠሪዎች ስሕተቱን አርመው 8250ኤ የተባለውን ባወጡ ጊዜ፣ የታረመው ቺፕ በቀድሞው ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ አልቻለም፤ ሶፍትዌሩ ስሕተቱን ተደግፎ ቆሞ ነበርና። ጠማማውን ምሰሶ ቢያቃኑት ቤቱ ዘመመ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ 16450፣ ቀጥሎም 16550 መጡ። የኋለኛው ትልቅ መሻሻል ይዞ ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻ ሳይሆን 16 ፊደል የሚይዝ ማቆያ ተሠራለት። ይሁን እንጂ ማቆያው ራሱ ጉድለት ስለ ነበረበት ሊታመን አልቻለም። በደንብ የሚሠራ ማቆያ የተገኘው 16550ኤ በተባለው ዕትም ነው። እንግዲህ በገበያው ላይ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ጠባያቸው ግን የሚለያይ አራትና አምስት ዓይነት ቺፖች ተቀላቅለው ተገኙ።

ለድራይቨሩ ጸሐፊ ይህ ከባድ ፈተና ነው። በማያውቀው ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠውን ቺፕ ዐይቶ መለየት አይችልም፤ መጠየቅ አለበት። የሊኑክስ ድራይቨር የሚጠይቅበት ዘዴ ደስ ያሰኛል። «ማቆያህን ክፈት» ብሎ ያዝዝና የቺፑን መልስ ያነባል። በመልሱ ውስጥ ከላይ ያሉት ሁለት ቢቶች ሁለቱም ከበሩ ቺፑ ጤናማው 16550ኤ ነው። የላይኛው ብቻ ከበራ ጉድለት ያለበት 16550 ስለ ሆነ፣ ድራይቨሩ 16 ፊደል የሚይዘውን ማቆያ ትቶ እንደ ባለ አንድ ፊደል ቺፕ ይቈጥረዋል። ሁለቱም ካልበሩ ማቆያ የሌለው የቀድሞው ዓይነት ነው። በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ የብዙ ዓመት የፋብሪካ ስሕተት ታሪክ ታጭቆ ይገኛል።

ማቆያው ጤናማ በሆነ ጊዜም ምርጫ አለ። ደወሉ 14 ፊደል ሲጠራቀም ይደወል ቢባል፣ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ አይረበሽም፤ ነገር ግን የሚቀረው ባዶ ቦታ 2 ብቻ ነውና ትንሽ ቢዘገይ ፊደል ይጠፋል። በ8 ይደወል ቢባል ደወሉ ይበዛል፤ ሆኖም 8 ቦታ ስለሚቀር የመዘግየት ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ሊኑክስ ለዚህ ቺፕ የመረጠው 8ን ነው። ምቾት ቀንሶ ደኅንነት መጨመር ማለት ይህ ነው።

3ኛ. ከአንድ ተማሪ ጠረጴዛ የተነሣ ሥራ

አሁን ወደ ጸሐፊዎቹ እንምጣ። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ የብዙዎቻችን ዕድሜ ማለት ነው። ከቤቱ ሆኖ በስልክ መስመርና በሞደም ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጋር ለመገናኘት የሚረዳው አንድ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ፕሮግራሙ ሁለት ሥራ ብቻ ነበረው፤ ከመጻፊያው ሰሌዳ የመጣውን ወደ ሞደሙ መላክና ከሞደሙ የመጣውን በመስተዋቱ ላይ ማሳየት። ሞደሙ የሚገናኘው በሲሪያል ፖርት ነው። ይህ ትንሽ ፕሮግራም እየሰፋ ሄዶ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 0.01 የተባለው የሊኑክስ የመጀመሪያ ዕትም ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ሶፍትዌሮች አንዱ የተጀመረው በዚህ ጠባብ በር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የመጀመሪያው ድራይቨር የደራሲውን ኮምፒዩተር ብቻ እያሰበ የተጻፈ ነበር። የበሮቹ አድራሻና የደወሎቹ ቍጥር በጽሑፉ ውስጥ ተቸንክረው ተቀምጠዋል። በሌላ አድራሻ ላይ ተጨማሪ በር ያለው ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። በ1992 ቴዎዶር ጾ የተባለ አሜሪካዊ ድራይቨሩን በሰፊው እንደ ገና ጻፈው፤ አድራሻውንና ደወሉን ተጠቃሚው ራሱ እንዲወስን አደረገ። ይህንንም ሲያደርግ የቀድሞውን ጸሐፊ ስም ከጽሑፉ ራስጌ አልፋቀም። ከሥሩ የራሱን ስም፣ ሥራውን የጀመረበትንና የፈጸመበትን ቀን፣ ምን እንደ ለወጠም ጨመረ። ከእርሱም በኋላ የመጡት እንዲሁ አደረጉ።

4ኛ. መድኀኒቱ ሌላ በሽታ ሲያመጣ

እርማት ሁልጊዜ ቀጥተኛ መንገድ አይደለም። በቀድሞው የግል ኮምፒዩተር ውስጥ የደወሉ መስመር የሚሰማው ድምፁ ከዝምታ ወደ ጩኸት ሲነሣ ብቻ ነው። ድራይቨሩ አንዱን ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ መኖሩን ሳይመለከት ቢሄድ፣ ደወሉ እንደ ጮኸ ይቀራል፤ እንደ ጮኸ ስለ ቀረም አዲስ መነሣት የለም፤ በሩም ለዘለዓለም ዲዳ ይሆናል። ለዚህ የተገኘው መድኀኒት ድራይቨሩ «ሌላ ጉዳይ አለህ?» እያለ ቺፑ «የለኝም» እስኪል ድረስ እየተመላለሰ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

መድኀኒቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተበላሸ ቺፕ ቢያጋጥምና ሁልጊዜ «አለኝ» እያለ ቢመልስስ? ድራይቨሩ ከዚያ ዙር ሳይወጣ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ ለምልልሱ ወሰን ተደረገለት፤ ከዚህ ቍጥር በላይ ከጠየቅህ ተወው ተባለ። ያልተገነዘበ አንባቢ ይህን ወሰን ዐይቶ «ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። ከአጠገቡ ምክንያቱ ካልተጻፈ አንድ ቀን መሰረዙ አይቀርም፤ የድሮውም በሽታ ይመለሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

5ኛ. ቅጂ ሲበዛ

ሊኑክስ በሌሎች ዓይነት ኮምፒዩተሮች ላይ መሥራት በጀመረ ጊዜ እያንዳንዱ ጸሐፊ የተገኘውን ድራይቨር ገልብጦ ለራሱ ቺፕ እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠው ጀመር። የብራና ጽሑፍ ያጠና ሰው የሚሆነውን ወዲያው ይገምታል። በአንዱ ቅጂ የታረመ ስሕተት በሌላው ሳይታረም ይቀራል፤ በአንዱ የተጨመረ አዲስ ስሕተት ወደ ልጆቹ ቅጂዎች ይተላለፋል። በ2002 ራስል ኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን አስቦ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ለሁሉም ቺፖች የጋራ የሆነውን በአንድ ቦታ፣ የእያንዳንዱን ቺፕ የተለየ ጠባይ በየራሱ ቦታ አኖረው። በ2003 መጨረሻ 2.6 የተባለው ዕትም ሲወጣ ይህ አሠራር ለሁሉም ተጠቃሚ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በጋራው ክፍል ላይ የተደረገ አንድ እርማት ለሁሉ ይበቃል።

6ኛ. የ2009 ክርክር

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መልካም ፍሬ ነው። ዋጋውንም መናገር ይገባል። ከሲሪያል ድራይቨሩ በላይ ቲቲዋይ የሚባል፣ የፊደል መስመሮችን ሁሉ የሚያስተዳድር ያረጀና የተወሳሰበ ክፍል አለ። አለን ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ክፍል ለማጽዳት ብዙ ደክሟል። በጁላይ 2009 ግን በዚያው ክፍል ላይ የተደረገ እርማት ቀድሞ ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞችን አበላሸ፤ ከነዚህም አንዱ ኬዲኢሱ የተባለው ነበር። ኮክስ ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ ነው፣ ሊደገፉበት በማይገባ ነገር ላይ ተደግፈዋል የሚል አሳብ አቀረበ። ቶርቫልድስ በበኩሉ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከተበላሸ ጥፋቱ ያበላሸው ሰው ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ መረረና ኮክስ ኀላፊነቱን ትቶ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፤ በ8250 ላይ የተነሣውን ነገር አስታውስ። ጥያቄው ያው ነው፤ ሰዎች በስሕተት ላይ ቤት ከሠሩ በኋላ ስሕተቱን ማረም ይገባልን? እኔ የቶርቫልድስን ደንብ እደግፋለሁ። ተጠቃሚው ቤቱን የሠራው በስሕተት ላይ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ባላወቀው ነገር ሊቀጣ አይገባውም። ነገር ግን ደንቡ ትክክል ቢሆንም ማንም ሊነካው የማይደፍረውን የቆየ ጽሑፍ ሲያጸዳ የነበረ ሰው መሄዱ ጉዳት ነው። አዲስ ነገር ለሚሠራ ሰው ጭብጨባ አለ፤ አሮጌውን ለሚጠግን ግን የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወቀሳ ብቻ ነው። ይህ በኮምፒዩተር ዓለም ብቻ የሚታይ አይመስለኝም።

ማጠቃለያ

የድራይቨሩን ታሪክ ስንመለከት ጸሐፊዎቹ ስሕተት አልሠሩም ለማለት አንችልም። እጅግ ብዙ ሠርተዋል። ሥራቸውን ያሳደገው ስሕተታቸውን ከነምክንያቱ ጽፈው ለተከታዩ ማስረከባቸው ነው። ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የአንድምታ መምህሮቻችን «አንድም» እያሉ አዲሱን ትርጓሜ ከቀደመው አጠገብ ያኖራሉ እንጂ የቀደመውን አይፍቁትም።

እኛ ተማሪዎች ግን ምን እናደርጋለን? ንጹሑን ቅጂ እናስረክባለን፤ ረቂቁን እንቀዳለን። በየዓመቱ አንዱ ኮሚቴ ከሌላው ሥራ ሲረከብ የሚሰጠው ቁልፍና ማኅተም ነው እንጂ «በዚህ መንገድ ሞክረን አልሆነም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» የሚል ወረቀት አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ኮሚቴ የድሮውን ጉድጓድ እንደ ገና ያገኘዋል፤ ያውም በእግሩ። በዚህ ዓመት ከማኅበር ሥራ የሚሰናበቱ ወንድሞችና እኅቶች ከመሄዳቸው በፊት የተሳሳቱባቸውን ሦስት ነገሮች ከነምክንያታቸው ጽፈው ቢተዉልን፣ ከሦስት የስንብት ንግግር ይልቅ ይጠቅመናል። ስማቸውም ከጽሑፉ ራስጌ አይፋቅም፤ የእኛ ስም ከእነርሱ በታች ይጻፋል።