በቅሎ ለምን አትወልድም?



«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። አባቷ አህያ መሆኑን በመካነ ሰላም ደጋ የማያውቅ የለም። በቅሎ ዳገቱን ጭነት ይዛ ትወጣለች፤ ግን አትወልድም። ምክንያቱ እርግማን አይደለም፤ የቁጥር ነገር ነው።

የእንስሳም የሰብልም አካል ሕዋስ ከሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። በዓይን አይታዩም። በየሕዋሱ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች አሉ። መልክንና ቁመትን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ክሮሞዞሞች እንደ በሬ ጥማድ ጥማድ ናቸው። በሰው የአካል ሕዋስ ውስጥ 46 አሉ፤ 23 ጥማድ ማለት ነው። በገብስ 14 አሉ፤ 7 ጥማድ ነው።

የአባት ዘርና የእናት እንቁላል ግን ይለያሉ። ከየጥማዱ አንዱን ብቻ ይይዛሉ። የአባት ዘር 23፣ የእናት እንቁላልም 23 አለው። ሲገናኙ 46 ይሞላል። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት ነው። ግማሽ ባይሆን ኖሮ ቁጥሩ በየትውልዱ እጥፍ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንመለስ። የፈረስ 64 ነው፤ ባዝራዋ 32 ትሰጣለች። የአህያ 62 ነው፤ አህያው 31 ይሰጣል። ደምሩት፦ 32 + 31 = 63። 63 ለሁለት እኩል አይከፈልም። አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል። ሌሎቹም ግማሹ የፈረስ፣ ግማሹ የአህያ ስለሆኑ በደንብ አይጣመዱም። ስለዚህ በቅሎ አካሏ ጠንካራ ቢሆንም ደህና እንቁላል አይወጣትም። በቅሎ ወለደች የሚባለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ ባዝራውን ሁልጊዜ በአህያ ብቻ የሚያስጠቃ ሰው የፈረስ ዘሩን ያጠፋል። ባዝራ ከሌለ ደግሞ ነገ በቅሎ የለም።

ይህ ትምህርት ለቤታችንም ይጠቅማል። ከሰው 23 ጥማድ አንዱ ጾታን ይወስናል። የእናት ሁለቱም ኤክስ ይባላሉ። የአባት ግን አንዱ ኤክስ፣ አንዱ ዋይ ነው። ከአባት ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይወለዳል። የትኛው እንደሚመጣ አባትም መርጦ አይሰጥም። ታዲያ «ሴት ብቻ ወለድሽ» ብሎ ሚስትን መውቀስ፣ አልፎም መፍታት ምን ይሉታል? ጥፋት የሌለባትን መበደል ነው።

መልመጃ
1. የአህያ ክሮሞዞም 62 ነው። ስንት ጥማድ ይሆናል?
2. የከብት 60 ነው። በኮርማው ዘር ውስጥ ስንት ይገኛል?
3. የልጅን ጾታ የሚወስነው የማን ዘር ነው? ለጎረቤታችሁ አስረዱ።