ጊታርና የአውስትራሊያ እንጨት፦ «ጥሩ እንጨት» የሚባለው የትኛው ነው?

መግቢያ

በእጅ ሥራ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ደጋግመን የምንሰማት አንዲት አባባል አለች። «ለዚህ ሥራ የሚሆን እንጨት እዚህ የለም፤ ደኅናው ከውጭ ነው የሚመጣው» የምትል ናት። ይህችን አባባል የምንሰማት እኛ ብቻ አይደለንም። የአውስትራሊያ ጊታር ሠሪዎችም ሲሰሟት ኖረዋል። አገራቸው በዛፍ ዓይነት የታደለች ሆና ሳለ፣ ነገሩ ጊታር ከሆነ ግን እንጨቱ ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካ፣ ከብራዚል ወይም ከሕንድ መምጣት አለበት ይባል ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ያለውን አይደል?

ውድ ዕጩ መምህራን! በዚህ ጽሑፍ እነዚያ ሠሪዎች የአገራቸውን ዛፍ እንዴት መርምረው ለሙዚቃ መሣሪያ እንዳዋሉት እንመለከታለን። ዓላማችንም አንድ መምህር ስለ አካባቢው ቁሳቁስ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ምን መመርመር እንደሚገባው ማሳየት ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ጊታር ከእንጨት የሚጠይቀው ምንድን ነው?

የጊታር ክፍሎች ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ ከእንጨቱ የሚፈልጉትም ጠባይ የተለያየ ነው።

1ኛ/ የፊት ገበታ። ክሮቹ ሲነኩ ተንቀጥቅጦ ድምፁን የሚያወጣው ይህ ክፍል ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም የብረት ክር በተወጠረበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ይስባሉ። የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ማለት ነው እኮ! ስለዚህ የፊት ገበታ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይፈለግበታል፤ እንዲንቀጠቀጥ ቀላል፣ እንዳይጎብጥ ደግሞ የማይለመጥ መሆን አለበት። በልማድ የሚሠራው ስፕሩስ ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር መርፌ ቅጠል ዛፍ ነው።

2ኛ/ ጀርባና ጎን። ጎኑ ርሶ በጋለ ብረት ላይ ስለሚታጠፍ ሳይሰነጠቅ የሚታጠፍ እንጨት ያስፈልጋል። በልማድ ሮዝውድ የሚባለው ይመረጣል።

3ኛ/ አንገት። የክሮቹን ስበት ተቋቁሞ ዓመት ከዓመት የማይጣመም መሆን አለበት። ማሆጋኒ የታወቀ ነው።

4ኛ/ የጣት ገበታ። ጣትና ክር ሲፈጩበት ይኖራሉና በጣም ጠጣር እንጨት ይፈልጋል። ኤቦኒ የሚባለው ጥቁር እንጨት ለዚህ የተመሰገነ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከላይ የዘረዘርናቸው የዛፍ ስሞች ቢረሱ እንኳ የሚፈለጉት ጠባዮች አይለወጡም። ቀላል፣ የማይለመጥ፣ የሚታጠፍ፣ የማይጣመም፣ ጠጣር። ጥያቄው እነዚህ ጠባዮች በሌላ ዛፍ ላይ ይገኛሉ ወይ ነው።

ለ/ የአውስትራሊያ መልስ

በ1946 በሜልቦርን ከተማ ቢል ሜይ የሚባሉ ሰው ከወንድማቸው ከሬጅ ጋር «ሜይተን» የተባለውን የጊታር ፋብሪካ አቋቋሙ። ቢል ሜይ የጃዝ ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ከዚህም ሌላ የእንጨት ሥራ መምህር ነበሩ። ሙያው የእኛው ነው ማለት ነው። ፋብሪካቸው የአገሩን እንጨት በጊታር ላይ በማዋል ታወቀ። በ2001 በዚያው በሜልቦርን የተመሠረተው «ኮል ክላርክ» የተባለው ድርጅትም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ዛሬ በእነዚህና በብዙ ግለሰብ ሠሪዎች ዘንድ የታወቁት ዋና ዋናዎቹ እንጨቶች የሚከተሉት ናቸው።

ብላክውድ፦ በታዝማኒያና በቪክቶሪያ የሚበቅል የግራር ወገን ነው። የሃዋይ ሰዎች ለጊታርና ለዩኩሌሌ የሚጠቀሙበት ኮዋ የተባለው ዛፍ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቀለሙ ከወርቃማ እስከ ቡናማ ይደርሳል። በሙቀት ስለሚታጠፍ ለጀርባና ለጎን ይሆናል። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት 640 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ቡንያ፦ በኩዊንስላንድ የሚገኝ መርፌ ቅጠል ዛፍ ሲሆን ክብደቱ በሜትር ኩብ 460 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከስፕሩስ ጥቂት ይከብዳል፤ ነገር ግን የማይለመጥ በመሆኑ ለፊት ገበታ ይውላል። ፍሬው እስከ 10 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። የአገሩ ነባር ሕዝቦች በየሦስት ዓመቱ ገደማ፣ ፍሬው በሚበዛበት ወቅት፣ ከሩቅ ተጠራርተው በቡንያ ተራሮች ይሰበሰቡ ነበር።

የኩዊንስላንድ ሜፕል፦ ሜፕል ይባል እንጂ ከሜፕል ወገን አይደለም፤ ቤተሰቡ የሎሚና የብርቱካን ነው። 575 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከማሆጋኒ ጋር ይቀራረባል። ለአንገትም ለጀርባም ይሆናል።

ጊጂ፦ በደረቁ የመሀል አገር የሚበቅል ሌላው ግራር ነው። በሜትር ኩብ 1250 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ውኃ ውስጥ ቢጣል ይሰምጣል። ለጣት ገበታ ከዚህ የበለጠ ጠጣር ማን ይፈልጋል?

እዚህ ላይ ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር አለ። ፋብሪካዎቹ ከመቋቋማቸው ብዙ ዘመን በፊት የሰሜን አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ይህን ምርመራ ያውቁት ነበር። ዮልንጉ የሚባሉት ሕዝቦች ዪዳኪ፣ ሌላው ዓለም ዲጀሪዱ የሚለውን ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ የሚሠሩት ምስጥ ውስጡን በልቶ ባዶ ካደረገው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ሠሪው ጫካ ገብቶ ግንዱን መታ መታ ያደርጋል፤ ድምፁን ሰምቶ ባዶውን ከሙሉው ይለያል። የዛሬው ጊታር ሠሪም ጣውላውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በመምታት ነው የሚመርጠው። ድምፁ ጥርት ብሎ ከቆየ ያስቀምጠዋል፤ «ዱብ» ብሎ ከሞተ ለሌላ ሥራ ያደርገዋል።

ሐ/ ልማድ በሙከራ ሲፈተን

«ታዲያ ድምፁስ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የዛሬውን ጊታር ቅርጽ ያስያዙት ስፔናዊው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከወረቀት ጥፍጥፍ የሆነ ጊታር ሠርተው አሳዩ። የፊት ገበታው ግን ደኅና እንጨት ነበር። ድምፁን በይበልጥ የሚወስነው የፊት ገበታው መሆኑን ለማስረዳት ነው ይህን ያደረጉት። የስፔን የፍላሜንኮ ጊታርም ቢሆን ከአገሩ ሳይፕረስ መሠራት የጀመረው እንጨቱ በቅርብና በርካሽ ስለሚገኝ ነው። ዛሬ ያ የድምፅ ጠባይ ራሱ ተፈላጊ ሆኗል።

በ2018 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጊታሮች አሠርተው ለ52 ተጫዋቾች ሰጡ። ተጫዋቾቹ እንጨቱን እንዳያዩ ጥቁር መነጽር ተደረገላቸው። ውድ የሆነው የብራዚል ሮዝውድ ከርካሾቹ ጎልቶ አልተመረጠም። ይህ ማለት እንጨት ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የፊት ገበታውን አልነካም። ነገር ግን ስምና ዋጋ ጆሮን እንደሚያታልሉ በግልጽ ያሳያል።

መ/ የራስ ዛፍም ያልቃል

ነገሩ የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት። የብራዚል ሮዝውድ በቆረጣ ብዛት በመመናመኑ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ታግዷል። በ2017 ደግሞ የሮዝውድ ወገኖች በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ከሩቅ አገር ደን የሚመጣ «ምርጥ እንጨት» መጨረሻው ይህ ነው።

ነገር ግን «የአገራችን ነው» ማለት ብቻውን ደን አያድንም። የኩዊንስላንድ ሜፕል የሚቆረጠው ከዝናባማ ደን ነበር። በ1988 ደኑ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ለንግድ መቁረጥ ሲቆም እንጨቱ እንደ ልብ መገኘቱ ቀረ። የታዝማኒያው ሁዎን ፓይን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚኖር፣ ግንዱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚወፍር ዛፍ ነው። ዛሬ ሠሪዎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ቀድሞ የወደቀውን ወይም ውኃ ውስጥ የቀረውን ግንድ ነው፤ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች ባንድነት መነሳት አለባቸው። ጠባዩ ለሥራው ይስማማል? በቅርብ ይገኛል? ለቆረጥነው ምትክ እየበቀለ ነው?

ሠ/ ወደ ክፍላችን ስንመለስ

የአውስትራሊያ ዛፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፣ በየግቢው የተተከለው ግራቪሊያ የዚያው አገር ተወላጆች ናቸው። ከላይ የጠቀስነው ብላክውድም በእኛ አገር ኦመድላ ይባላል። ቢሆንም በስም አንታለል። ባሕር ዛፍ የምንለው ከ700 በላይ ዓይነት አለው፤ በልጅነቱ ተቆርጦ የሚሸጠው ግንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ለክራርና ለከበሮ የኖርንበት ዋንዛ በአንጻሩ ለመጥረብ ምቹ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን መሞከር ነው።

ለክፍል የሚሆን ቀላል ሙከራ እነሆ።

1. በደንብ ከደረቀ ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ወይራ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ይዘጋጁ። ይዘታቸው 1000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል።
2. በሱቅ ሚዛን ይመዘኑ። በግራም የተገኘው ቁጥር በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ራሱ ይናገራል። ቡንያ ቢሆን 460፣ ጊጂ ቢሆን 1250 ግራም ይመጣ ነበር።
3. ከየጣውላው እኩል ውፍረት ያለው ስስ ዘንግ ተሰንጥቆ በሁለት ድንጋይ ላይ ይጋደም። መሀሉ ላይ አንድ ዓይነት ክብደት ተንጠልጥሎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎበጠ ይለካ።
4. ጣውላው ከጫፉ በክር ተንጠልጥሎ ይመታ። ድምፁ የቆየውና ቶሎ የጠፋው ይመዝገብ።

ውጤቱ በሠንጠረዥ ሲጻፍ ተማሪዎች ክብደትን፣ ይዘትን፣ ልኬትንና ድምፅን ባንድ ትምህርት ይማራሉ። የትኛው ለፊት ገበታ፣ የትኛው ለጣት ገበታ እንደሚሆን ራሳቸው ይፍረዱ እንጂ እኛ ቀድመን አንንገራቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀላል የሆነ ግን በቀላሉ የሚለመጥ እንጨት ለፊት ገበታ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የቶሬስ ጊታርና የ2018ቱ ሙከራ የሚስማሙት በምን ላይ ነው?
3. በምንመደብበት ወረዳ ለእጅ ሥራ የሚውለው ዛፍ የትኛው ነው? ለሚቆረጠውስ ምትክ የሚተክል አለ?

ሦስተኛውን ጥያቄ ቀበሌው ውስጥ ካሉ አናጢዎችና ሽማግሌዎች ጋር እንወያይበት። ከመጽሐፍ የማይገኝ ዕውቀት በእነሱ ዘንድ አለና።