ለአሳታሚዎች ድረ ገጽን ስለ ማስተማር

የድረ ገጽ አሠራርን ከእናንተ ሌላ ለአሳታሚ ቤት ሠራተኞች፥ ይኸውም ለአርታዒዎችና ለገጽ አቀናባሪዎች አስተምሬ ነበርና ከዚያ ያገኘሁትን ጥቂት ቁም ነገር ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያው ቀን «የገጹ ቁመትና ወርድ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ወረቀቱን ለክቶ፥ ኅዳጉን ትቶ፥ ፊደሉን መርጦ ካሳተመ በኋላ ያንን ገጽ የሚለውጥበት የለም። ድረ ገጽ ግን እንዲህ አይደለም። ያው ጽሑፍ በኮምፒዩተር ላይ ሰፊ፥ በእጅ ስልክ ላይ ጠባብ ሆኖ ይታያል፤ ዐይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን ያገዝፈዋል፤ ዐይነ ስውር ደግሞ ጽሑፍ በሚያነብለት መሣሪያ ይሰማዋል። ስለዚህ አዘጋጁ አስቀድሞ ይህ ርእስ ነው፥ ይህ አንቀጽ ነው፥ ይህ ማያያዣ ነው እያለ የየክፍሉን ማዕርግ ይወስናል፤ መልኩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከተማሪዎቼ መካከል በሙያው የሸመገሉ አንድ አርታዒ ነበሩ። የታተመውን የመጻሕፍት ዝርዝር እንደ ሥዕል አንሥተው ለጠፉት። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምር ነበር። ነገር ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛን እንደ ሥዕል መለጠፍ ምክንያት የለውም፤ ሥዕል የሆነ ጽሑፍ ተፈልጎ አይገኝም፥ ለዐይነ ስውሩም አይነበብለትም።

እኔ ይህን ከመናገር ይልቅ አንዲት ተማሪ ጠርቼ በስልኳ የአንድ የልጆች መጽሐፍ ዋጋ እንድትፈልግ አዘዝኋት። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ አከለባት። ሥዕሉን ብትነካው ምንም የለም። አርታዒው «እዚያ ታች...» ሊሏት ሲሉ ዝም እንዲሉ በእጄ አመለከትኋቸው። ከአንባቢው ጋር አብሮ የሚሄድ አስረጂ የለምና። በመጨረሻ ልጅቱ አፍራ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፥ አላውቅበትም» አለች።

«የለም ልጄ» አሉ ፊታቸው ተለውጦ፤ «የኔ ነው።»

ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደ ጻፈው፥ ለአንድ ጊዜ ሙከራ አምስት ሰው ይበቃል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከመጥራት ጥቂት ጥቂት እየጠሩ፥ እያረሙ መድገም ይሻላል። አሳታሚዎቹ ይህን ወዲያው ተረዱት፤ የማረሚያ ቅጂ ሁለት ሦስት ጊዜ ማየት የዘወትር ሥራቸው ነው።

በማግሥቱ ዝርዝሩ በፊደል ተጽፎ፥ ዋጋው ከየርእሱ ሥር ገብቶ መጣ። ሁለተኛው ልጅ ዋጋውን ወዲያው አገኘ። መጽሐፉ የሚሸጥበትን ቦታ ግን ፈልጎ ስላጣ፥ አርታዒው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ብዕራቸውን አነሡ።